«ሳብኩት እኮ!»

ይህ ዓምድ የማሽን ጥያቄ ያላችሁ አንባቢዎች የምትጽፉበት ነው። መልሱን የምጽፈው ሱሉልታ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። የዚህ ወር ደብዳቤዎች እንደተመካከሩ ሁሉ አብዛኞቹ ስለ ሄሊኮፕተር ናቸው። ስለ ውሃ ፓምፕ የጠየቃችሁኝ ታገሡኝ፤ ለሚቀጥለው ወር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቡራዩ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ሰሞኑን ወንድሜ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ቦታው ውጭ አገር ነው። ትንሽ ሄሊኮፕተር ከመሬት ሦስት አራት ሜትር ከፍ ብሎ ባለበት ያንዣብባል። የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ አንድ የማያቋርጥ ጩኸት መጣ። ሄሊኮፕተሩ ዝቅ አለ፣ አፍንጫው ዞረ፣ በጎኑ ወደቀ። ከሥሩ የተጻፈው «ሲያንዣብብ የሮተሩ (ከላይ የሚሽከረከረው ማለት ነው) ፍጥነት ስለወረደ» ይላል። ወንድሜ «ሞተሩ ጠፍቶበት ነው» አለ። እኔ ደግሞ «ድምፁ እየተሰማ እንዴት ይጠፋል» አልኩት። በሁለት መቶ ብር ተወራርደናል። ፍጥነቱ ከወረደስ አብራሪው ለምን ነዳጅ አልጨመረም? — አንባቢ፣ ከቡራዩ

መልስ፦ ሁለት መቶ ብሩ ያንተ ነው። ሞተሩ አልጠፋም። ግን ወንድምህ ላይ ብዙ አትሳቅ፤ ሁለተኛው ጥያቄህ አንተንም ይጥልሃል። ነዳጅ አልጨመረም ያለህ ማነው? የነዳጁ እጀታ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። የሚጨመር ነገር አልቆ ነበር።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ አብራሪ አልነበርኩም። ከሥር ሆኜ ዘይት የምጠርግ፣ ብሎን የማጠብቅ፣ ብሌድ የሚባሉትን የሮተሩን ረጃጅም ክንፎች የማጥብ ሰው ነበርኩ። 22 ዓመት ሄሊኮፕተር ሥር ኖሬያለሁ። ይህን የጠየቅኸኝን ነገር ግን በደንብ የገባኝ ሄሊኮፕተር ላይ አይደለም። ወፍጮ ቤት ነው።

ከቤቴ ሁለት አጥር አልፎ ወፍጮ ቤት አለ። መብራት ሲጠፋ የናፍጣ ሞተሩን ያስነሣሉ። አንድ የገበያ ቀን ባለቤቱ አዲስ ልጅ ቀጥሮ ነበር። ጉልበታም ልጅ ነው። ወረፋው ሲረዝምበት የስንዴውን መውረጃ ብርግድ አድርጎ ከፈተው። ወዲያው ድምፁ ወረደ። ድድድድ ሲል የነበረው ሞተር ዱ... ዱ... ዱ... ማለት ጀመረ። ቺንጋው ጮኸ። ጥቁር ጭስ ወጣ። ድንጋዩ ስለዘገየ ዱቄቱም ቀነሰ። ልጁ ታዲያ ምን አደረገ? ዱቄት ሲያንስበት ጊዜ ስንዴ ጨመረ!

ባለቤቱ ውጭ ሂሳብ እየተቀበለ ነበር። ድምፁን ሰምቶ ብሩን በእጁ እንደያዘ ሮጦ ገባ። «ዝጋው! ዝጋው!» መውረጃውን ራሱ ዘጋ። ሦስት አራት ሴኮንድ ቆየ። ድድድድ ተመለሰ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ከፈተው። እኔ ማዳበሪያዬን ታቅፌ ወረፋ ላይ ቆሜያለሁ፤ ጸጉሬ ቆመ። ያን ድምፅ ከዓመታት በፊት እዚሁ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሰምቼዋለሁ። ወደሱ እመለሳለሁ።

ብዙ ሰው ሄሊኮፕተር ከፍ የሚለው ሮተሩ ሲፈጥን፣ ዝቅ የሚለው ሮተሩ ሲዘገይ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ሮቢንሰን አር 44 የሚባለውን ባለ አራት ወንበር ትንሽ ሄሊኮፕተር ውሰድ። ሮተሩ በደቂቃ ወደ 400 ጊዜ ይዞራል። ሊነሣ ሲልም ያው ነው፣ ሲያንዣብብም ያው ነው፣ ሲበርም ያው ነው። የሚለወጠው ብሌዶቹ አየሩን የሚቆርጡበት ማዕዘን ነው። በአብራሪው ግራ እጅ በኩል እንደ መኪና የእጅ ፍሬን ያለ ዘንግ አለ። ኮሌክቲቭ ይባላል። ወደ ላይ ስትስበው የሁሉም ብሌድ ማዕዘን በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ብዙ አየር ወደ ታች ይገፋል፤ ሄሊኮፕተሩ ይነሣል። ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ሞተር ሳይክል የሚጠመዘዝ የነዳጅ እጀታ አለ።

ማዕዘን በጨመርክ ቁጥር ብሌዱ ከአየሩ ጋር ያለው ትግል ይከብዳል። ያን ትግል የሚከፍለው ሞተሩ ነው። ኮሌክቲቩ የስንዴው መውረጃ ነው ማለት ነው። ሞተሩ አቅም እስካለው ድረስ ችግር የለም። እንዲያውም ዙሩን የሚጠብቅ ጋቨርነር የሚባል ዕቃ አለ፤ ሮተሩ ሊዘገይ ሲል ራሱ ነዳጅ ይጨምራል። ግን እሱም የሚጨምረው እጀታው እስኪያልቅ ነው። እጀታው ሙሉ ከተከፈተ በኋላ ኮሌክቲቩን ብትስብ፣ ያ ትርፍ ጉልበት ከየት ይመጣል? ከሮተሩ ከራሱ ዙር ይበላል። ሮተሩ ይዘገያል።

እዚህ ላይ ነው ሂሳቡ የሚያስፈራው። የሮተሩ ዙር አሥር በመቶ ቢወርድና ማዕዘኑ ባይለወጥ፣ የማንሣት ኃይሉ የሚቀንሰው አሥር በመቶ ብቻ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ በመቶ ነው። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚታሰበው፤ 0.9 በ0.9 ሲባዛ 0.81 ይሆናል። 1,000 ኪሎ የሚመዝን ሄሊኮፕተር የ190 ኪሎ ድጋፍ አጣ ማለት ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ሊሞላ አሥር ኪሎ የጎደለው። ድንገት ሁለት ኩንታል ጤፍ ጀርባህ ላይ ቢወድቅ ትጎነበሳለህ። ሄሊኮፕተሩም ዝቅ ይላል።

አብራሪው ዝቅ ሲል ምን ያደርጋል? እጁ የለመደውን። ዝቅ ካለ ይስባል። ሲስብ ማዕዘኑ ይጨምራል። ማዕዘኑ ሲጨምር ሮተሩ ይበልጥ ይዘገያል። በቤንዚን የሚሠራው ሞተር ደግሞ ከሮተሩ ጋር ተያይዞ ስለሚዞር አብሮ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ይበልጥ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ይበልጥ ይስባል። ያ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ማለት ነው፤ ዱቄት ሲያንሰው ስንዴ የሚጨምረው።

ቪዲዮው ላይ የሰማኸው ጩኸት የማስጠንቀቂያ ጡሩምባው ነው። ሮቢንሰን ሄሊኮፕተሮች ላይ የሮተሩ ዙር ወደ መደበኛው 97 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ጡሩምባው ይጮኻል፤ ዳሽቦርዱ ላይም መብራት ይበራል። ጡሩምባው «ልትወድቅ ነው» ማለቱ አይደለም። «እጅህን ዝቅ አድርግ» ማለቱ ነው። መፍትሔው ኮሌክቲቩን ትንሽ ዝቅ ማድረግና በዚያው ቅጽበት ነዳጁን መክፈት ነው። መሬት ሊመታህ እየመጣ ሳለ ወደ መሬት ዝቅ በል መባል! ለዚህ ነው አስተማሪዎች ተማሪውን ደጋግመው የሚያለማምዱት። ጭንቅላት በአንድ ቀን ይገባዋል። እጅ ግን ብዙ ጊዜ ይፈልጋል።

አፍንጫው የዞረው ለምንድን ነው? ጭራው ላይ ያለችውን ትንሽ ሮተር ታውቃታለህ። ሥራዋ ዋናው ሮተር ወደ አንድ ጎን ሲዞር አካሉ በተቃራኒው እንዳይሽከረከር መያዝ ነው። የራሷ ሞተር የላትም። ከዋናው ሮተር ጋር በማርሽ ነው የተያያዘችው፤ እሱ ሲዘገይ እሷም ትዘገያለች። የሷም ኃይል በዚያው በተባዛ ሂሳብ ይወርዳል። አብራሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ደግሞ እሷም ተጨማሪ ጉልበት ከዚያው ከደከመው ሞተር ትጠይቃለች። ስለዚህ አካሉ መዞር ይጀምራል። እየዞረ ወደ ጎን ሲንሸራተት የማረፊያ ብረቱ አንድ ነገር ይይዘዋል፤ ድንጋይ ይሁን ሣር። ከዚያ በኋላ በጎኑ መገልበጡን የሚያቆመው የለም።

አሁን ወደ ሱሉልታ ሜዳ።

1998 ዓ.ም. ነው፤ ታኅሣሥ። ያኔ ሱሉልታ እንዲህ ቤት በቤት አልሆነችም። ሜዳው ድርቆሽ ነበር፤ የታጨደ፣ የታሰረ፣ የተከመረ። የምሠራበት ድርጅት (ስሙ ይቅር) አንዲት ባለ አራት ወንበር ሄሊኮፕተር ለፊልም አንሺዎች አከራይቶ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ካፒቴኑና አንድ ካሜራ ማን ተነሥተው በረሩ። ብርድ ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ሄሊኮፕተሯ እንደ ላባ ነው የተነሣችው። ተመልሰው ቁርስ በሉ። ከዚያ ዳይሬክተሩም ልብረር አለ፣ ረዳቱም ልብረር አለ። ነዳጁን እስከ አፉ የሞላሁት እኔ ነኝ። ማንም እንዳትሞላ አላለኝም፤ እኔም ስንት ሰው ሊሳፈር ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሙሉ ታንክ ነዳጅ ከአንድ ኩንታል በላይ ይመዝናል። ይህን በጥፋተኝነት ነው የምጽፈው።

ሲነሡ 6 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፀሐዩ ጠንክሯል። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ቆመች፤ ደህና ነበረች። ካሜራ ማኑ የድርቆሹን ክምር ከላይ ማንሣት ስለፈለገ ካፒቴኑ ከፍ አደረጋት፤ ሦስት ሜትር፣ ከዚያ አምስት። እዚያ ላይ ሆኖ ጭራዋን ወደ ነፋሱ አዞረ። ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። ጡሩምባው ከመጮሁ በፊት ነው። የብሌዱ ድምፅ ወፈረ፤ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ አለ። ቀና ብዬ ሳይ ብሌዶቹ ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ወደ ላይ ቀና ብለዋል። ሮተር ቀጥ ብሎ የሚዘረጋው በዙሩ ጉልበት ነው፤ ሲዘገይ የተሸከመው ክብደት ወደ ላይ ያጥፈዋል። ከዚያ ጡሩምባው ጮኸ። አፍንጫዋ ዞረ። የማረፊያ ብረቷ ክምሩ ውስጥ ገባ። በጎኗ ተኛች።

ማንም አልሞተም። ካፒቴኑ የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ፤ ካሜራ ማኑ ግንባሩ ተሰነጠቀ። ነዳጁ ሳይያያዝ መቅረቱ የእግዜር ነው። ካፒቴኑን ስናወጣው አንድ ነገር ብቻ ይደጋግም ነበር፤ «ሳብኩት እኮ! ሳብኩት!» ሁላችንም «አይዞህ፣ የምትችለውን አድርገሃል» አልነው። አዎ፣ ስቧል። የጣላት እሱ ነው። ግን አሁንም ድረስ አልፈርድበትም። እጁ የሰው እጅ ነው። ያልመዘንኩትም፣ የሞላሁትም፣ «በዚህ ሰዓት ከአራት ሰው ጋር አይሆንም» ማለት የነበረብኝም እኔ ነኝ።

የድርቆሹ ባለቤት ሽማግሌ ሰው ናቸው። ሰው እየተረዳ ሳለ በሜዳው የተበተነውን ድርቆሽ አንድ በአንድ ሲቆጥሩ አስታውሳለሁ። ያኔ ተናድጄባቸው ነበር። አሁን ጎረቤቴ ናቸው፤ ሒሳባቸው ትክክል ነበር።

ወንድምህ «ታዲያ ጠዋት ለምን በረረች» ይልሃል። በለው እንዲህ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ሯጮቻችን እዚህ የሚለማመዱት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ለብሌድ ይህ ማለት የሚገፋው ነገር አነሰ ማለት ነው። ለሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው አየር አነሰ ማለት ነው፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ዕቃ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። አንተ ጋራዥ ነህ፤ ከቆላ የመጣ መኪና እንጦጦን ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት ታውቃለህ።

በዚያ ላይ ሙቀት ጨምርበት። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ቀትር ላይ 22 ዲግሪ ሲሆን ሱሉልታ ያለችው ሄሊኮፕተር 3,500 ሜትር ተራራ ላይ ያለች ያህል ነው የሚሰማት። ሜዳው አልተነቃነቀም፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ግን ለሷ ተራራ ሆኗል። ውርጩ ላይ የተነሣችው ሄሊኮፕተርና ቀትር ላይ የወደቀችው አንዲት ናት፤ በመካከል የተለወጠው ሁለት ሰው፣ ነዳጅና ፀሐይ ነው።

ሌላም አለ። ከመሬት አንድ ሜትር ላይ ደህና የነበረችው አምስት ሜትር ላይ ለምን ከበዳት? ሄሊኮፕተር መሬት አጠገብ ሲያንዣብብ የሚገፋው አየር መሬቱን መትቶ ስለሚጨናነቅ እንደ ትራስ ይደግፈዋል። ያ ትራስ ከፍ ባልክ ቁጥር ይሳሳል፤ የሮተሩን ወርድ ያህል፣ ለአር 44 ወደ 10 ሜትር ከፍ ስትል ጠፍቷል በለው። ረጅም ሣርና ክምር ላይም ይበላሻል። ነፋስ ደግሞ ከፊት ሲመጣ ይረዳል፤ ሮተሩ ንጹሕ አየር ያገኛል። በረራ ላይ ያለ ሄሊኮፕተር በሰዓት 30 እና 40 ኪሎ ሜትር ሲደርስ በድንገት የሚቀለው ለዚህ ነው። ባለህበት ቆመህ ግን ያ ስጦታ የለህም። ጭራህን ለነፋስ ስትሰጥ ደግሞ ባሰ። ማንዣበብ ለተመልካች የዕረፍት ይመስላል፤ ለሞተሩ ግን ከበድ ካሉት ሥራዎች አንዱ ነው።

የመጨረሻ ቁጥር ልስጥህና ላብቃ። ሮቢንሰን ለአብራሪዎች ባወጣው የጥንቃቄ ማስታወሻ ላይ አንድ በቃል የሚያዝ ግምታዊ ሒሳብ አለ። 80 በመቶ ላይ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ከፍታ አንድ በመቶ ትደምራለህ፤ ዙሩ ከዚያ በታች ከወረደ ብሌዱ አየሩን መያዝ ይተዋል፤ ስቶል ይባላል፤ መመለሻ የለውም። ባሕር ዳርቻ ላይ ከጡሩምባው 97 እስከ 80 ድረስ አሥራ ሰባት ደረጃ አለህ። ሱሉልታ 8,900 ጫማ ያህል ናት። 80 እና 9፣ 89። ከ97 እስከ 89 ስንት ነው? ስምንት። ጡሩምባው እኩል ይጮኻል፤ ከጩኸቱ በኋላ ያለው ጊዜ ግን በግማሽ አጥሯል። እሱም ሳትስብ ከቆየህ ነው።

ሁለት መቶ ብሩን ለወንድምህ ቡና ግዛበት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነዎት? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፊዚክስ አስተማሪያችን «ሄሊኮፕተር ሞተሩ ከጠፋ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው፤ አውሮፕላን ግን ይንሳፈፋል» ብለውን ነበር። እውነት ነው? — ከለገጣፎ

መልስ፦ አስተማሪሽን አክብሪ፤ በዚህኛው ግን ተሳስተዋል። የብስክሌት ፔዳል ማሽከርከር ስታቆሚ የኋላ ጎማው መዞሩን ይቀጥላል አይደል? ሄሊኮፕተር ውስጥም እንደዚያ ያለ ዕቃ አለ። ሞተሩ ቢጠፋ ሮተሩ ከሞተሩ ይላቀቃል። አብራሪው ኮሌክቲቩን ወዲያው ወደ ታች ከጣለ የብሌዱ ማዕዘን ይቀንሳል፤ ሄሊኮፕተሩ ሲወርድ ከሥር የሚመጣው አየር ሮተሩን ያዞረዋል። ከዛፍ ላይ የሚወርደውን ባለ ክንፍ ዘር አይተሽ ታውቂያለሽ፤ እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ ነው የሚያርፈው። መሬት ሲቃረብ አብራሪው አፍንጫዋን ቀና አድርጎ ፍጥነቱን ይገድላል፤ ከዚያ ሮተሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ዙር አንዴ ስቦ ያርፋል።

እዚህ ላይም የመጀመሪያው ሥራ ዝቅ ማድረግ መሆኑን ልብ በዪ።

ፈረንሳዊው አብራሪ ዣን ቡሌ በ1972 እ.ኤ.አ. ላማ በምትባል ሄሊኮፕተር 12,442 ሜትር ወጣ። እዚያ ላይ ሞተሩ ጠፋ። እንደገና ሊያስነሣው አልቻለም። ያን ሁሉ ከፍታ ያለ ሞተር ወርዶ በሰላም አረፈ። ከፍታ ነበረው፤ በከፍታ ዙር ይገዛል። አምስት ሜትር ላይ የሚያንዣብብ ሰው ኪስ ውስጥ ግን ይህ ገንዘብ የለም።

ጥያቄ፦ ቢን ላደን የተገደለ ሌሊት አንድ የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ግቢው ውስጥ ወድቋል። ያም በዚሁ በሮተር መዘግየት ነው? — ከሰበታ

መልስ፦ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን ውስጥ አቦታባድ ላይ የሆነው ሌላ በሽታ ነው። ሮተሩ በደንብ እየዞረ ነበር፤ ሄሊኮፕተሩ ግን ራሱ ወደ ታች የገፋው አየር ተመልሶ ከላይ እየመጣበት በዚያ አዙሪት ውስጥ ሰመጠ። የግቢው ረጅም ግንብ አየሩን ዘግቶ አዙሪቱን አባብሶታል ተብሏል፤ ልምምድ ያደረጉበት አጥር የሽቦ ስለነበር አየሩ ያልፍ ነበር። ከሮተር መዘግየት የሚለይበት ዋናው ነገር መድኃኒቱ ነው። አዙሪት ውስጥ ከሆንክ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ሸሽተህ ንጹሕ አየር ትፈልጋለህ። ሮተሩ ከዘገየብህ ግን ሥራህ ከኮሌክቲቩና ከነዳጁ ጋር ነው። በሁለቱም መሳብ ያባብሳል፤ ይህ አንድ የሚያደርጋቸው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ የሄሊኮፕተር አብራሪነት ልማር ብላ ይዛኛለች። እኔ ደግሞ እንኳን ሄሊኮፕተር ባጃጅም ያስፈራኛል። «አገራችን ደጋ ስለሆነች ለሄሊኮፕተር አትሆንም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልከልክላት? — እናት፣ ከሰንዳፋ

መልስ፦ እመቤቴ፣ መከልከሉን ለእርስዎ እተዋለሁ፤ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ደጋ አይሆንም የሚለው ግን ስሕተት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ዲዲየ ዴልሳል የተባለ ፈረንሳዊ ኤቨረስት ጫፍ ላይ፣ 8,848 ሜትር፣ በሄሊኮፕተር አርፏል። ብቻውን ነበር፤ የማያስፈልገውን ዕቃ ከሄሊኮፕተሩ አውጥቶ አቅልሎታል። አሉየት 3 የምትባለው ሄሊኮፕተር ደግሞ ሞተሯ 870 የፈረስ ጉልበት ማውጣት ሲችል ሆን ተብሎ 570 ላይ እንዲቆም የተደረገ ነው። ቀሪው ለከፍታ የተቀመጠ ስንቅ ነው። ተራራ ላይ አየሩ ሲሳሳ ያ ስንቅ ይወጣል።

ደጋ ላይ የሚያስፈልገው ትርፍ ጉልበት ያላት ማሽንና «ዛሬ ሁለት ሰው ብቻ» ብሎ መናገር የማያፍር አብራሪ ነው። ልጅዎ ትምህርት ቤት ስትመርጥ አንድ ነገር ትጠይቅ፦ ከመነሣቱ በፊት ክብደቱንና ሙቀቱን ወረቀት ላይ የሚያሰላው ማነው? «እኛ እናውቀዋለን፣ አታስቢ» ካሏት ትውጣ። ወረቀቱን አውጥተው ካሳዩዋት ትግባ። እኛ ያኔ ያ ወረቀት ነበረን። መኪናው ኪስ ውስጥ ነበር።

ጥያቄ፦ የሠርግ ቪዲዮ አነሣለሁ። አዳማ ላይ በድሮኔ ደህና እሠራለሁ። ሱሉልታ ጠዋት ለሙሽሮች ሳስነሣው ግን ባትሪው በፍጥነት ያልቃል። ተበላሽቶብኝ ይሆን? — ከአዳማ

መልስ፦ አልተበላሸም። ድሮንህ ከሄሊኮፕተር ተቃራኒ ነው የሚሠራው። ብሌዱ ማዕዘኑን አይለውጥም፤ ከፍ ለማለት ዙሩን ነው የሚጨምረው። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመያዝ ፈጥኖ መዞር አለበት። ከአዳማ ሱሉልታ ስትመጣ በሒሳብ 5 ወይም 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። የቀረውን የሚበላብህ ብርዱ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለውን አይሰጥህም። ስለዚህ ባትሪውን እስክታስነሣ ድረስ ጃኬትህ ውስጥ ያዘው። ስታስነሣ አንድ ደቂቃ ሁለት ሜትር ላይ አንዣብብና ይሙቅ። ፈጥነህ ሽቅብ አትስቀለው። አዳማ ላይ 20 በመቶ ሲቀር የምትመልሰውን እዚህ 35 ላይ መልሰው። የመብረሪያ ፈቃዱን ጨርሰሃል ብዬ ነው ይህን ሁሉ የማወራህ።

አንድ ነገር ደግሞ። ከድርቆሽ ክምር አጠገብ አታስነሣው። ገለባው ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱም ያው ሽማግሌ ናቸው፤ አሁንም ይቆጥራሉ።